የሲኞራ ኤልዳ ፎርኖ

ባለፈው ሰኞ የእኅቴ ልጅ አዲስ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝታ መጣችና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሰካችው። አዲስ ምድጃ መጀመሪያ ሲግል የሚያወጣው ሽታ አለ፤ የፋብሪካ ዘይት፣ አቧራና የሽቦ ልባስ አንድ ላይ ሲቃጠሉ። እሷ አፍንጫዋን ይዛ መስኮት ልትከፍት ተጣደፈች። እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም።

«ሓትኖይ፣ አክስቴ፣ አይሸትሽም እንዴ?» አለችኝ።

«ይሸተኛል። ተይው፣ ትንሽ ይቆይ።»

ግራ ገብቷት አየችኝ። ለእሷ የተቃጠለ ዘይት ነው። እኔን ግን ያ ሽታ ይዞኝ ሄደ፤ ነጭ ጋውን ለብሼ ጠዋት ጠዋት የላቦራቶሪ በር ወደምከፍትበት፣ ከውጭ የጋሪ ፈረስ ኮቴ አስፋልቱን ሲመታ ወደሚሰማበት፣ ወደ ሰፈራችን ወደ ዓኽርያ የሚሄደው አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሲያቃስት ወደሚሰማበት ጊዜ።

ያን ጊዜ ጃንሆይ በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። እኛ የአሥመራ ልጆች ትምህርት ቤት አማርኛ ተምረን፣ ቤት ትግርኛ ተናግረን፣ ሱቅ በጣሊያንኛ ተከራክረን ነበር የምናድገው፤ ሦስቱን ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብንቀላቅል ማንንም አይደንቀውም። ከተማዋ ትንሽ ነበረች፤ ትንሽ መሆኗን ግን አናውቅም ነበር። ማታ ማታ ዋናው ጎዳና ኮምቢሽታቶ ላይ ወጥቶ ያልተዘዋወረ ሰው ‹ታሞ ይሆናል› ይባልለታል። እኛ ሴቶቹ ፀጉራችንን ቅዳሜ በቢጎዲን ጠቅልለን እሑድ እንፈታዋለን፤ ቀሚሳችን ጉልበት ላይ ይቀራል፤ ከላይ ግን እናቶቻችን እንዳይቆጡ ነጠላ ጣል እናደርጋለን፤ ዘንባባዎቹ ጋ ስንደርስ ነጠላዋ ታጥፋ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች። ማኪያቶ በስሙኒ ጠጥቶ ለአሳላፊው የሚተርፍበት ዘመን ነበር። የቡና ቤቶቹ ሬዲዮ እስከ መንገዱ ይሰማል፤ አንዱ የጣሊያን ዘፈን ከአንዱ በር ተጀምሮ በሚቀጥለው በር ያልቃል። ዛሬም በዚያ መንገድ እሄዳለሁ፤ ዘንባባዎቹ አሉ። የእኔ እርምጃ ነው ያጠረው።

የምሠራው አረቄ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። እንስላል እንስላል የሚሸት፣ እኛ አኒስ የምንለውን አረቄ ነበር የምናወጣው። ሽታው በዙሪያው ባሉት ቤቶች የተሰጣ ልብስ ላይ ሁሉ ያድራል፤ አውቶቡስ ውስጥ ስገባ ሰዎች የት እንደምሠራ ሳልነግራቸው ያውቁ ነበር። የፋብሪካው ባለቤት ሲኞራ ኤልዳ ናት፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ሁሉንም ብቻዋን የያዘች፣ ጥቁር ልብስ ያላወለቀች፣ ትግርኛን ከእኛ ፈጥና የምትናገር አሮጊት። አረቄውን የሚያፈላው ደግሞ አቦይ ወልዱ ነበር። ከሲኞራ ባል ዘመን ጀምሮ አረቄው የሚፈላበት ጋን ሥር የኖረ፣ የዓኽርያ ጎረቤታችን፤ ትምህርቴን ስጨርስ ለሲኞራ ስለ እኔ ነግሮ ሥራ ያስያዘኝም እሱ ነው።

አንድ ዓመት ሲኞራ አንድ መሣሪያ ከባሕር ማዶ አስመጣች። ስሙ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ነው፤ አረቄው ውስጥ ያለውን ለያይቶ የሚያሳይ፤ ሠራተኛው ግን ሲግል አይቶ በጣሊያንኛ «ፎርኖ»፣ ምድጃ፣ አለው፤ ስሙ በዚያው ጸና። ሥራው ቀላል ነው፤ ከአረቄው በቀጭን መርፌ ጠብታ ወስጄ በትንሽ የጎማ ክዳን በኩል እወጋለሁ። ከጎማው ሥር ያለው መግቢያ በጣም የጋለ ስለሆነ ጠብታዋ ወዲያው ትተናለች። ሄልየም የሚባል ጋዝ እንፋሎቱን እየገፋ በምድጃው ውስጥ በተጠቀለለ ረጅም ቀጭን ቱቦ ያሳልፈዋል። በመንገድ ላይ ቀላሉ ይቀድማል፣ ከባዱ ወደኋላ ይቀራል። በመጨረሻ መርማሪ የምንለው ክፍል እያንዳንዱ ሲያልፍበት ያውቀዋል፤ ብዕር ደግሞ በሚጎተት ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ አንድ ተራራ ይሥላል። ነገሩ ሁሉ ያለው ሙቀቱ ላይ ነው። መግቢያው፣ ምድጃውና መርማሪው እያንዳንዳቸው የራሳቸው ማሞቂያ፣ የራሳቸው የሙቀት መለኪያ ሽቦና የራሳቸው መቆጣጠሪያ ቁልፍ አላቸው። መግቢያው ጠብታዋን ለማትነን ይበቃ ዘንድ ይግላል፤ ምድጃው ረጋ ይላል፤ መርማሪው ግን ከሁሉም በላይ መሞቅ አለበት፤ አለዚያ የእንስላሉ ዘይት እዚያ ደርሶ ወዝ ሆኖ ይቀራል፣ ብዕሩም ይቃዣል።

ፎርኖውን ከእኔ ጋር የሚጠብቀው ሰይፉ ይባል ነበር፤ የፋብሪካው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። የደሴ ልጅ ነው፤ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቶ ሥራ ፍለጋ የመጣ፤ በከተማው ውስጥ አንድም ዘመድ የሌለው። ትግርኛው ከሰላምታ አያልፍም። የእኔ አማርኛ ደግሞ የመጽሐፍ ስለነበረ «ምሕረት፣ አንቺ እኮ እንደ ዜና አንባቢ ነው የምታወሪው» ይለኛል። ‹ሐሙስ› ስል ከጉሮሮዬ የምትወጣውን ሐ እንድደግምለት ይለምነኛል። መጀመሪያ ‹እርስዎ› እለው ነበር። መቼ ‹አንተ› እንዳልኩት አላስታውስም፤ እሱ ግን አስታውሳለሁ ይላል።

ከዚያ ዓመት ክረምት በኋላ ጎዳይፍ ሰፈር አንድ ሰርግ ላይ ሰዎች ታመሙ። ጠጥተው የተኙት ራሳቸውን እያመማቸው፣ ዓይናቸው እየፈዘዘ ተነሡ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ጠርሙስ የእኛ ምልክት የተለጠፈበት ነበር። በማግስቱ ፖሊሶች መጥተው መጋዘናችንን አሸጉት፤ አቦይ ወልዱንም ከጋኑ ሥር አስነሥተው ወሰዱት። መጥፎ አልኮል ቀላቅሏል፤ የተባለው ይህ ነበር። ሲወጣ መጎናጸፊያውን አስተካክሎ እኔን አየኝና «እሳቱን ቀንሱት» አለ።

ዓይን የሚያጠፋው ሜታኖል ነው፤ በመልክም በሽታም ከሚጠጣው አልኮል አይለይም፤ ፎርኖው ግን ይለየዋል። ስለዚህ ከጤና ጥበቃ የመጣ አቶ ጌታቸው የሚባል ተቆጣጣሪ የሰርጉን ጠርሙስና ከመጋዘናችን የወሰዳቸውን ጠርሙሶች ይዞ ላቦራቶሪያችን መጣ። በከተማው እንዲህ ያለ መሣሪያ ሌላ ቦታ አልነበረም። ከእኛው ጠርሙስ አንዷን ጠብታ ወጋሁ። ብዕሩ ሠራ። ከዚያው ጠርሙስ ሁለተኛ ወጋሁ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ስናደርጋቸው የአንድ አረቄ አይመስሉም፤ በአንዱ ላይ ተራሮቹ እርስ በርሳቸው ተደራርበዋል፣ በሌላው መስመሩ ራሱ እንደ ሰካራም ወደ ላይ ይወጣል።

አቶ ጌታቸው ሰው የሚያዋርድ ሰው አልነበረም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «እኅቴ፣ ይህን ይዤ ዳኛ ፊት ብቆም ይስቁብኛል» አለ። «መሣሪያችሁን አስተካክሉ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እጠብቃችኋለሁ። ካልሆነ ናሙናውን አዲስ አበባ እልካለሁ።»

«አዲስ አበባ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አልኩት።

«ይቆያል። ሰውየውም መልሱ እስኪመጣ እዚያው ይቆያሉ።»

እኔና ሰይፉ ከፎርኖው ጋር ቀረን። የሚታየው ነገር እንዲህ ነው፦ የመግቢያው የሙቀት ማሳያ መርፌ ሙቀቱ ዝቅ ማለቱን ያሳያል፣ የመርማሪው ደግሞ ከሚገባው በላይ መውጣቱን። እኛም እንደማንኛውም ሰው መግቢያው ቀዘቀዘ ብለን የመግቢያውን ቁልፍ ከፍ እናደርጋለን፤ መርማሪው ጋለ ብለን የእሱን ዝቅ። ከፍና ዝቅ ባደረግን ቁጥር ነገሩ ይብሳል። ሰይፉ ላብ አጥምቆት ከዝርዝር መመሪያው ጋር ይሟገታል። እኔ በዚህ መካከል ጠብታ የምወጋበትን መርፌ ከመግቢያው ስመዝ ጫፉ ላይ ጥቁር የሚያጣብቅ ነገር አየሁ። አሸተትኩት። የተቃጠለ ጎማ ነው።

«ሰይፉ፣ መግቢያው ስንት ይላል?»

«ቀዝቃዛ ነው፤ እጅ የሚችለው።»

«እጅ የሚችለው ከሆነ ጎማው ለምን ቀለጠ?»

ጣቴን ውኃ ነክሬ የመግቢያው ክዳን ላይ አንዲት ጠብታ ጣልኩ። ጠብታዋ ቸስ ብላ ዘልላ ጠፋች። ቀዝቃዛ ነው የተባለው መግቢያ ይነድ ነበር።

«ሁሉንም አጥፋው» አልኩት። «ይቀዝቅዝ። ከዚያ አንዱን ብቻ እናሙቅ።»

እስኪቀዘቅዝ ግቢው ውስጥ ባዶ ሳጥኖች ላይ ተቀምጠን ዳቦ በሞርታዴላ በላን። ሠራተኞቹ ሥራ ስለቆመ በየጥላው ተኮልኩለዋል፤ ማንም አይስቅም። የአቦይ ወልዱ ሚስት አገልግል ይዛ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ስታልፍ አየናት፤ በአጥሩ በኩል በእጇ ሰላም አለችን። ሰይፉ የያዘውን ዳቦ መልሶ ወረቀቱ ውስጥ ጠቀለለው።

ተመልሰን የመግቢያውን ማሞቂያ ብቻ አበራን። ሁለታችንም የሙቀት ማሳያ መርፌዎቹ ላይ አፈጠጥን። የመግቢያው መርፌ ንቅንቅ አላለም። ከጎኑ የመርማሪው መርፌ ቀስ ብሎ መነሣት ጀመረ።

ሰይፉ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ተቀያይረዋል» አለ። «መለኪያ ሽቦዎቹ ተቀያይረዋል።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ክረምት ላይ የላቦራቶሪው ጣራ አፍስሶ ፎርኖውን ወደ ሌላ ክፍል አዛውረነው ነበር፤ ሽቦዎቹን መልሶ የሰካው ሰይፉ ነው። ሁለቱ መለኪያዎች መንታ ይመስላሉ። የመግቢያው መለኪያ መርማሪው ውስጥ፣ የመርማሪው መግቢያው ውስጥ ገብቷል። ትንሹ መግቢያ ፈጥኖ ሲግል የመርማሪው መቆጣጠሪያ የራሱ ክፍል የሞቀ መስሎት ማሞቂያውን ያጠፋል፤ መርማሪው ይቀዘቅዛል። መርማሪው ሲቀዘቅዝ ደግሞ የመግቢያው መቆጣጠሪያ ገና ነው ብሎ መግቢያውን ያለ ዕረፍት ያነድደዋል። ሁለቱም የታዘዙትን እየሠሩ ነበር፤ የሚያዩት ግን የጎረቤታቸውን ነው።

ሽቦዎቹን አቀያየርናቸው። ደስታችን ግን አልቆየም፤ እንደገና ስናበራ መርማሪው ሞቀ፣ መግቢያው ጭራሽ ዝም አለ። ስንት ቀን ያለ ዕረፍት ሲነድ የቆየው ማሞቂያ ተቃጥሎ ነበር። መለዋወጫው በመርከብ ነው የሚመጣው።

ሰይፉ እጁን ጠርጎ ተነሣ። «ለሲኞራና ለአቶ ጌታቸው ልነግራቸው ነው» አለ።

«ምኑን?»

«እኔ እንዳቀያየርኩት።»

«ማንም አላየም» አልኩት። «ሥራህን ታጣለህ። ማሞቂያው አርጅቶ ተቃጠለ ብንልስ?»

«ነገ ወረቀቱ ትክክል ሲሆን ‹ትናንት ለምን ተሳሳተ?› ይሉናል። የምንመልሰው ከሌለን የነገውንም አያምኑትም። አቦይ ወልዱ ደግሞ እዚያው ናቸው።»

አብሬው ገባሁ። አቶ ጌታቸው ሲኞራ ቢሮ ተቀምጦ ሻሂ ይጠጣ ነበር። ሰይፉ ቆሞ ሁሉንም ተናገረ፤ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ የጋውኑን ቁልፍ ግን እያዞረ ሊበጥሰው ነበር። ሲኞራ ኤልዳ ለረጅም ጊዜ ፊቱን አየችው። እኔ የስንብት ደብዳቤውን ስትጽፍ ታይቶኝ ነበር። እሷ ግን «አሎራ፣ እንግዲህ» አለች፣ «አሁን የት እንደተበላሸ የሚያውቅ ሰው አለኝ። ሌላ ባመጣ አያውቅም። ሂድ፣ ሥራው።» አቶ ጌታቸው ኮፍያውን አነሣና «ሽቦዎቹን አሳየኝ» አለው። አብረው ወርደው ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩ።

ማሞቂያ የት ይገኛል? እኔ ሰይፉን ወደ ቤታችን ወሰድኩት። አባቴ ዓኽርያ ውስጥ ካውያ፣ ፎርኔሎና የፀጉር ማድረቂያ ይጠግን ነበር፤ ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ነው። ወንድ ይዤ ስመጣ የመጀመሪያዬ ነበር። አባቴ ከመነጽሩ በላይ አይቶ «እዚ መን እዩ?» አለኝ።

«ማን ነው ይልሃል» አልኩት ሰይፉን።

«የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በያቸው።»

ነገርኩት። የአባቴ ፊት ትንሽ ተፈታ።

ሁለቱ የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም፤ በእኔ በኩል ነው የሚነጋገሩት፤ ወዲያው ግን እኔን ትተው በጣት መነጋገር ጀመሩ። መጀመሪያ ከሞተ ካውያ ሽቦ አውጥተው በሸክላ ቧንቧ ላይ ጠመጠሙ። ሲያበሩት ፍም መስሎ ብጥስ አለ። የካውያ ሽቦ ለዚያች ትንሽ ቦታ ጉልበቱ በዛ። ሰይፉ በመለኪያው ለካና ራሱን ነቀነቀ፤ ቀጭንና ብዙ ዙር ያለው ይፈልጋል። አባቴ ጠረጴዛውን አገላበጠ፣ መሳቢያውን አገላበጠ። ከዚያ ቆም አለና ሚስማር ላይ የተሰቀለችውን የራሱን የብየዳ ካውያ አወረደ። በየቀኑ ቆርቆሮ የሚያቀልጥባት፣ የእንጀራችን ዕቃ ናት። እጀታዋን ፈትቶ ውስጧን መዘዘ። ቀጭን ሽቦ ሚካ በሚባል እሳት በማይበላው ስስ ድንጋይ ላይ የተጠመጠመባት፣ የጣት ርዝመት ያላት ማሞቂያ ወጣች። ሰይፉ ለካት። ቀና ብሎ አባቴን አየው።

«ጽቡቕ?» አለ አባቴ፤ ጥሩ ናት ወይ ማለቱ ነው።

«ጽቡቕ» አለ ሰይፉ። ከሰላምታ ሌላ በትግርኛ ሲናገር የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ‹ቐ›ዋን ግን ጨፈለቃት፤ አባቴ ሳቀ።

ማሞቂያዋ መግቢያው ውስጥ ለልኳ የተሠራች ይመስል ገባች። አዲስ ጎማ አደረግን። ሦስቱን ክፍሎች አንድ በአንድ አሞቅናቸው፤ በእያንዳንዱ ጊዜ የትኛው መርፌ እንደሚነሣ አቶ ጌታቸው ራሱ እየቆመ አየ። ከዚያ ጠብታ ወጋሁ። ያንኑ ጠርሙስ ደግሜ ወጋሁ። አቶ ጌታቸው ሁለቱን ወረቀቶች አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ መስኮቱ ላይ በብርሃን ያዛቸው። ተራሮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተኝተዋል። ሌላ ጠርሙስ አስወጋኝ፤ ሌላም። የእኛ አረቄ ሁሉ አንድ ነው። በመጨረሻ የሰርጉን ወጋሁ። ከአልኮሉ ተራራ ቀድሞ፣ በእኛ ወረቀት ላይ ምንም በሌለበት ቦታ፣ ብዕሩ ተነሥቶ ሽቅብ ወጣ፤ እስከ ወረቀቱ ጫፍ።

አቶ ጌታቸው ወረቀቱን ጠቀለለና «ይህ ከእናንተ ጋን አልወጣም» አለ።

ኋላ ባዶ ጠርሙሶቻችንን እየሰበሰበ በጓሮው መጥፎ አልኮል ሲሞላ የነበረ ሰው ተገኘ። ከታመሙት አብዛኞቹ ዳኑ። የሙሽራው አጎት ግን ዓይናቸው እንደፈዘዘ ቀረ፤ ኮምቢሽታቶ ላይ የልጅ ልጃቸውን ትከሻ ይዘው ሲያልፉ ባየኋቸው ቁጥር ደስታችን ሙሉ እንዳልነበረ አስባለሁ።

አቦይ ወልዱ ሲፈታ ጣቢያው በር ላይ ጠበቅነው። ከስቶ ነበር፤ መጎናጸፊያው ግን እንደታጠፈች ናት። ሚስቱን ሳመ፤ ከዚያ ሻሂ አማረኝ አለ። ቡና ቤት ተቀምጠን የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ የሽቦውን፣ የሰይፉን ንግግር፣ የአባቴን ካውያ። ስኳሩን እያማሰለ ሰማኝ። ሰይፉን ቀና ብሎ አይቶ መልሶ ወደ ብርጭቆው ዞረ።

በቀጣዩ ፋሲካ ሰሞን አንድ እሑድ ከሰዓት አቦይ ወልዱ ነጭ ለብሶ፣ ዘንግ ይዞ፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ቤታችን መጣ። እኔ ከመጋረጃው በስተጀርባ ነበርኩ፤ ለምን እንደመጣ አውቄያለሁ። ከሰላምታው በኋላ አባቴ «በደኅና ነው?» አለው በትግርኛ።

«በደኅና ነው። ልጅህን ለሰይፉ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ አቦይ ወልዱ። «ልጁ እዚህ ዘመድ የለውም፤ ዘመዶቹ ደሴ ናቸው። እኔ ነኝ ዘመዱ።»

«ምኑን ታውቃለህ?»

«እኔ ታስሬ ሳለ፣ ዝም ቢል ማንም በማያውቅበት ነገር፣ የእኔ ጥፋት ነው ብሎ ቆመ። ይህን ነው የማውቀው። ሴት ልጅ ብትኖረኝ ለእሱ እሰጥ ነበር። የለኝም። ስለዚህ ያንተን ልለምን መጣሁ።»

እናቴ ከወጥ ቤት ማንኪያ ይዛ መጥታ ከጎኔ ቆመች። በመጨረሻ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጁ ጥሩ ነው» አለ። «ግን ወልዱ፣ እኔ አማርኛ አልችልም። ከአማቼ ጋር ዕድሜ ልክ በጣት ልነጋገር ነው?»

«ይማራ» አለ አቦይ ወልዱ።

«እንግዲያው ይማር።»

ሰይፉ ታች ፌርማታው ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ በዚያ ፀሐይ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ። እናቴ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝና በጓሮ በር ገፋ አደረገችኝ። ሮጥኩ። ሲያየኝ ከጥላው ወጣ።

«ምን አሉ?»

ትንፋሼን ሰበሰብኩ። «ትግርኛ ይማር አሉ።»

ከንፈሩ ሊስቅ ጀምሮ ቆመ፤ የሰማውን መመርመር ያዘ። ከዚያ ገባው። ከረባቱን ፈታ አደረገና «መቼ ልጀምር?» አለኝ።

«አሁን» አልኩት።

አውቶቡሱ መጣ። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ ትንሽ ጠበቀን፤ ሁለታችንም እንደማንሳፈር ሲያይ ዘግቶ ሄደ።